ሀብትን በሰው ጐተራ ስለ ማኖር

ሰው ደክሞ ያፈራውን ሀብት የሚያኖርበት ስፍራ ያስፈልገዋል። ገበሬ እህሉን በጐተራ፥ ነጋዴ ገንዘቡን በሣጥን፥ ደብተራ መጽሐፉን በማኅደር ያኖራል። የሚያኖርበት የሌለው ሰው ግን ጐተራ ወዳለው ጎረቤቱ ሄዶ «እባክህ አስቀምጥልኝ» ይላል። ይህ ነውር አይደለም፤ ጉርብትናም የሚጸናው በዚህ ነው። ነገር ግን ያገሩ ሰው ሁሉ ጐተራ መሥራትን ትቶ እህሉን ባንድ ባለጸጋ ጐተራ ያከማቸ እንደ ሆነ፥ ባለጸጋው የቱንም ያህል ደግ ሰው ቢሆን፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገሩ ነገር ተለውጧል። እህሉ የገበሬዎቹ ነው፤ የበሩ ቍልፍ ግን በባለጸጋው እጅ ነው።

ይህን ምሳሌ ያነሣሁት ስለ እርሻ ልጽፍ አስቤ አይደለም። ብዙ ሰዎች በየአገራቸው ሆነው በኅብረት እየጻፉ ለዓለም ሁሉ በነፃ የሚያድሉት የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ። በዘመናችን ከሚሠሩት የልግስና ሥራዎች እንደዚህ ያለ ጥቂት ነው። ይህም ሀብት አብዛኛው ዛሬ ባንድ ሰው ጐተራ ተከማችቶ ይገኛል። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነበርሁ እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ስለዚህ የምናገረው ስለ መሣሪያው ጥበብ ሳይሆን በሰዎቹ ላይ ስለ ደረሰው ነገር ነው። ታሪኩ ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላውም፤ ቢሆንም ከረጅም ዘመን ታሪክ የማያንስ ምክር ይገኝበታል። ወራቱንና ዓመታቱን የምጽፈው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ነገሩ ለሁሉ እንዲገባ አስቀድሜ ጥቂት ላብራራ። ኮምፒዩተር ብቻውን ምንም አያውቅም፤ የሚሠራውን ተራ በተራ የሚያዝዘው ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ሰዎች የሚጽፉትና የሚያርሙት ይህ ጽሑፍ ኮድ ይባላል። ኮዱን ያገኘ ሰው የፕሮግራሙን አሠራር መርምሮ ስሕተቱን ሊያቀና፥ የጐደለውንም ሊጨምር ይችላል። ኮዱ የተሸሸገበት ሰው ግን የተሰጠውን እንደ ተሰጠው ከመጠቀም በቀር ሌላ ሥልጣን የለውም፤ ወጡን ይበላል እንጂ አሠራሩን አይማርም።

በሴፕቴምበር 1983 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረ ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ፥ ኮዱ ለሁሉ የተገለጠ፥ ማንም ሊያነበው፥ ሊያርመውና ሊያድለው የሚችል ሙሉ የኮምፒዩተር ሥርዓት ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ፤ ስሙንም ግኑ አለው። በሚቀጥለው ዓመት በጃንዋሪም ለዚሁ ዓላማ ሲል ሥራውን ለቀቀ። በዚያን ዘመን ፕሮግራም የሚቀመጥበት ታላቅ ጐተራ አልነበረም። ስቶልማን ኢማክስ የተባለውን ፕሮግራሙን በማግኔት ቴፕ እየቀዳ ለሚፈልጉት በ150 ዶላር ይልክላቸው ነበር፤ ከወዳጁ ወይም ከሌላ ኮምፒዩተር መቅዳት የሚችል ሰው ግን ምንም አይከፍልም ነበር።

ከ8 ዓመት በኋላ፥ በኦገስት 1991፥ በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት የራሱን ሥራ ለዓለም ገለጠ። ይህም ዛሬ በብዙ ታላላቅ ኮምፒዩተሮችና በአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ ውስጥ የሚሠራው ሊኑክስ ነው። ቶርቫልድስ አስቀድሞ ያሰበው ስም ግን ይህ አልነበረም፤ «ፍሪክስ» ሊለው ነበር። ነገር ግን ኮዱን ሰዎች ሁሉ እንዲቀዱት በፊንላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒዩተር ላይ ያኖረለት አሪ ሌምኬ የተባለ ሰው ስሙን ስላልወደደው፥ በማኖሪያው ላይ «ሊኑክስ» ብሎ ጻፈበት፤ በዚያውም ጸና። ሌምኬ በጎ አድራጊ ነበር፤ ያወጣውም ስም ያማረ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የልጁን ስም ያወጣው ወላጁ ሳይሆን ባለጐተራው ነው። የአኗሪ ሥልጣን በደግ ሰው እጅ ሳለም እንኳ ሥልጣን መሆኑ አይቀርም።

ነፃ ፕሮግራም የሚጽፉት ሰዎች እየበዙ በሄዱ ጊዜ የማኖሪያው ነገር አስቸጋሪ ሆነ። ኮዱ የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር፥ የስሕተት ማመልከቻ የሚሰበሰብበት መዝገብ፥ ጸሐፊዎቹ የሚመካከሩበት ስፍራ ያስፈልግ ነበር። ይህ ሁሉ ገንዘብና የማያቋርጥ ጥበቃ ይጠይቃል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን ከእንጀራ ሥራቸው በተረፋቸው ሰዓት ያለ ደመወዝ የሚደክሙ ነበሩ። በኖቬምበር 1999 ቪኤ ሊኑክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሶርስፎርጅ የሚባል ጐተራ ከፍቶ፥ ነፃ ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲያኖርበት ፈቀደ። ደስታው ታላቅ ነበር። ኩባንያውም በሚቀጥለው ወር አክሲዮኑን ለገበያ ባወጣ ጊዜ፥ በ30 ዶላር የተተመነው አክሲዮን በዚያው ቀን ከ239 ዶላር በላይ ደረሰ።

ነገር ግን የነጋዴ ቸርነት ከንግዱ ዕድሜ አያልፍም። ኩባንያው በ2001 ኮምፒዩተር መሸጡን ተወ። ሶርስፎርጅም ውሎ አድሮ በ2012 ዳይስ ሆልዲንግስ ለሚባል ሌላ ኩባንያ ተሸጠ። በ2013 አዲሱ ጌታ ገንዘብ ለማግኘት ሲል፥ ሰዎች ነፃ ፕሮግራም ሲያወርዱ የሌላ ነጋዴ ፕሮግራም አብሮ እንዲጫንባቸው የሚጋብዝ ነገር ማያያዝ ጀመረ። ሥዕልና ፎቶግራፍ ለማረም የሚያገለግለው የጊምፕ ጸሐፊዎች አካሄዱን አይተው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ጐተራውን ለቀው ወጡ። እነርሱ ቢወጡም ስማቸው ግን ከዚያ አልወጣም። በሜይ 2015 ሶርስፎርጅ «ባለቤቶቹ የተዉት ነው» ብሎ የቀድሞ ገጻቸውን ይዞ፥ ማስታወቂያ የተለጠፈበትን ጊምፕ ሲያድል ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ኩባንያ ጐተራውን ገዝቶ ይህን ክፉ ልማድ አስቀረ፤ የተሰደዱት ግን ብዙዎቹ አልተመለሱም።

የሁለተኛው ጐተራ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ታላቁ ጉግል በጁላይ 2006 ጉግል ኮድ የተባለ ማኖሪያ ከፈተ። ይህ ጐተራ አልተሸጠም፤ ባለቤቱም ሀብት አላጣም፤ በማንም ላይ ክፉ አላደረገም። በማርች 2015 ግን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት አዲስ ነገር መቀበሉን አቆመ፥ በጃንዋሪ 2016ም በሩን ዘጋ። ጉግል ራሱ የራሱን ነፃ ፕሮግራሞች ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወሩን ሲያስታውቅ አልሸሸገም። የሄደውም ወደ ጊትሀብ ነው። ስለዚህ ሰው በሌላው ጐተራ ንብረቱን የሚያጣው ባለጐተራው ሲደኸይ ወይም ሲከፋ ብቻ እንዳይመስለው። ባለጐተራው ባለጸጋና ቅን ሆኖ ሳለ፥ ሐሳቡን የለወጠ ዕለት ነገሩ ያው ነው።

አሁን ሁሉ ስለ ተሰበሰበበት ስለ ጊትሀብ ከመናገሬ በፊት ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ የነገሩ ሥር ያለው በዚያ ነውና።

አንድን ፕሮግራም ብዙ ሰዎች ሲጽፉት፥ ማን ምን እንደ ለወጠ፥ መቼና ስለ ምን እንደ ለወጠ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ቶርቫልድስ በ2002 ለሊኑክስ ሥራ ቢትኪፐር የተባለውን መሣሪያ መረጠ። ቢትኪፐር የአንድ ኩባንያ ንብረት ነበር፤ ኮዱም የተሸሸገ ነበር። ባለቤቱ ላሪ ማክቮይ ግን ለነፃ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ያለ ዋጋ ፈቀደላቸው፤ ፈቃዱም ውል ነበረበት፤ ከውሉም አንዱ ተጠቃሚው ቢትኪፐርን የሚወዳደር መሣሪያ እንዳይሠራ የሚከለክል ነበር። ስቶልማንና ሌሎችም «ነፃ ሥራ በተሸሸገ መሣሪያ አይሠራም» ብለው ተቃወሙ። ብዙዎች ግን «መሣሪያው መልካም ነው፥ ዋጋም አይጠይቅም፤ ታዲያ ምን ጐደለ?» አሉ።

የጐደለው በኤፕሪል 2005 ታወቀ። አንድሩ ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ የፕሮግራም ጸሐፊ ከቢትኪፐር ጋር የሚገናኝ የራሱን ነፃ መሣሪያ ለመሥራት በመነሣቱ ባለቤቱ ተቈጣና ያለ ዋጋ የሰጠውን ፈቃድ አነሣ። በሺህ የሚቈጠር ሰው የደከመበት ሥራ በአንድ ሰው ቍጣ ምክንያት ያለ መሣሪያ ቀረ። ቶርቫልድስ ግን ለምኖ አልተመለሰም፤ ሌላ ባለጸጋም አልፈለገም። ኤፕሪል 3 ቀን የራሱን መሣሪያ መጻፍ ጀመረ፤ ኤፕሪል 7 ቀን አዲሱ መሣሪያ የራሱን ኮድ መመዝገብ ቻለ። ስሙንም ጊት አለው። ቢትኪፐርም በ2016 ኮዱን ለሁሉ ገለጠ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነበር።

የጊት ምስጢር እንዲህ ነው። በጊት ኮድ የሚቀዳ ሰው የሚያገኘው የዛሬውን ኮድ ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተደረገውን ለውጥ ከነታሪኩ በሙሉ ይወስዳል። ስለዚህ ከቅጂዎቹ አንዱ ጌታ፥ ሌላው ሎሌ አይሆንም፤ ሁሉም ሙሉ ናቸው። መጽሐፈ ሔኖክ በሌላው ዓለም ሙሉው ሲጠፋ በግዕዝ ተጠብቆ የተገኘው በየገዳሙ ያሉ ጸሐፍት እየገለበጡ ስላበዙት ነው፤ ባንድ ዕቃ ቤት ብቻ ኖሮ ቢሆን አንድ እሳት ይበቃው ነበር። ጊትም ይህን የገልባጮች ጥበብ ለኮድ አደረገው። ማንም ባለጐተራ ተቈጥቶ በሩን ቢዘጋ፥ የሚዘጋው ባዶ ቤት ላይ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ መሣሪያ ነው።

እንግዲህ ሰዎቹ ከዚህ በኋላ ምን አደረጉ? በኤፕሪል 2008 ቶም ፕሬስተን ወርነር፥ ክሪስ ዋንስትራትና ፒጄ ሃየት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ጊትሀብ የተባለውን ማኖሪያ ለሕዝብ ከፈቱ፤ ዓለምም የበተነውን ሁሉ ሰብስቦ ወደዚያ አገባ።

ይህን የምለው ጊትሀብን ለመንቀፍ አይደለም። የመጡበት ምክንያት ቅን ነበር። ከዚያ በፊት የማያውቀውን ሰው ኮድ ሊያርም የፈለገ ሰው፥ ማንን እንደሚጠይቅና እንዴት እንደሚያቀርብ ሲፈልግ ብዙ ይደክም ነበር። በጊትሀብ ግን ኮዱን ወደ ራሱ ገጽ ቀድቶ ያርመዋል፤ «እርማቴን ተቀበሉኝ» ብሎም ወዲያው ያቀርባል፤ ባለቤቶቹም አይተው ይቀበሉታል ወይም ምክንያቱን ነግረው ይመልሱለታል። ባዲስ አበባ የሚኖር ተማሪ በቶኪዮ የሚኖር መሐንዲስ የጻፈውን ሊያርም፥ ስለ እርማቱም በስሙ ሊመሰገን ቻለ። ለሁሉ ለተገለጠ ኮድ ዋጋ አይጠየቅም ነበር። በጃንዋሪ 2023 ጊትሀብ የተጠቃሚዎቹ ቍጥር 100 ሚሊዮን መድረሱን አስታወቀ። ይህን ያህል ሰው ተታልሎ አልመጣም፤ ጥቅም አግኝቶ ነው የመጣው።

ታላላቅ ሥራዎችም የራሳቸውን ቤት እየተዉ ገቡ። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮዱን በ2017 አዛወረ፤ የስሕተት መዝገቡንም በ2022 አስከትሎ አዛወረ። በትርፍ ሰዓታቸው የሚደክሙ ሰዎች የራሳቸውን ማኖሪያ ሌሊትና ቀን መጠበቅ ከብዷቸው ነበርና አይፈረድባቸውም።

ሆኖም አንድ ነገር ተሰወረባቸው። ጊት የሚሸከመው ኮዱንና የኮዱን ታሪክ ነው። ሰዎቹ በጊትሀብ ሲኖሩ ግን ሌላ ሀብት ደግሞ አፈሩ፤ ይኸውም ስለ ስሕተቱ የተጻፈው ማመልከቻ፥ እርማቱ ስለ ምን እንደ ተቀበሉት ወይም ስለ ምን እንደ መለሱት የተደረገው ክርክር፥ ማን ታማኝ ማን ቸልተኛ እንደ ሆነ የሚታወቅበት የስም መዝገብ ነው። ይህ ሁሉ በጊት ውስጥ የለም፤ ያለው በባለጐተራው መዝገብ ነው። የሥራ ቤተሰብ ትዝታ ይህ ነው፤ ኮዱ ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ቢሆን፥ ክርክሩ ለምን እንዲያ እንደሚያደርግ ይናገራልና። የጊትሀብ የራሱ ኮድ ደግሞ ለሁሉ የተገለጠ አይደለም። የተሸሸገን መሣሪያ ሸሽተው ነፃውን የሠሩ ሰዎች፥ ነፃውን መሣሪያ ተሸክመው ተመልሰው ወደ ተሸሸገ ግቢ ገቡ።

በጁን 2018 ማይክሮሶፍት ጊትሀብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው መስማማቱን አስታወቀ፤ ግዢውም በኦክቶበር ተፈጸመ። በ2001 የማይክሮሶፍት አለቃ የነበረው ስቲቭ ባልመር ሊኑክስን ከነቀርሳ ጋር አመሳስሎት ነበር። ከ17 ዓመት በኋላ ግን የነፃ ፕሮግራም ታላቁ ጐተራ በዚሁ ኩባንያ እጅ ገባ። እውነቱን ለመናገር፥ አዲሱ ጌታ በሩን አልዘጋም፤ እንዲያውም በ2019 ቀድሞ ይከፈልበት የነበረውን የግል ማኖሪያ ለሁሉ ያለ ዋጋ ሰጠ። ነገር ግን ልብ ማለት የሚገባው ይህ ነው፤ ሀብቱን ያኖሩት ሰዎች ስለ ሽያጩ አልተጠየቁም። ማታ ባንድ ሰው ጐተራ ያኖሩት እህል ጧት በሌላ ሰው ጐተራ ነበረ።

ባለጐተራው ክፉ ባይሆንም ባንድ ስፍራ መከማቸት ምን እንደሚያመጣ ከደረሱት ነገሮች ሦስቱን ብቻ ልንገራችሁ።

አንደኛው፥ ኦክቶበር 21 ቀን 2018 በጊትሀብ ኮምፒዩተሮች መካከል ያለው መገናኛ በጥገና ምክንያት ለ43 ሰኮንድ ተቋረጠ። በዚህ ምክንያት የመዛግብቱ ቅጂዎች እርስ በርሳቸው ስለ ተለያዩ፥ ሁሉ እስኪስተካከል ድረስ አገልግሎቱ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ሲታወክ ቈየ። ይህ የማንም ክፋት አይደለም። የ43 ሰኮንድ ሳንካ የአንድ ቀን ሙሉ መከራ ለብዙ አገር ሰው የሆነው ግን ሁሉ ባንድ በር ስለሚገባና ስለሚወጣ ነው።

ሁለተኛው፥ በጁላይ 2019 ጊትሀብ የአሜሪካን መንግሥት የማዕቀብ ሕግ ለመፈጸም ሲል በኢራን፥ በሶርያና በክሪምያ የሚኖሩ ሰዎችን የግል ማኖሪያና አንዳንድ አገልግሎት ዘጋባቸው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በፖለቲካ ነገር የሌሉበት ተማሪዎችና ሠራተኞች ነበሩ። ጊትሀብ ከመንግሥት ጋር ተነጋግሮ ለኢራን ሰዎች ፈቃድ ያገኘው በጃንዋሪ 2021 ነው። ጐተራ የሚቆምበት አገር አለው፤ አገርም ሕግ አለው፤ ስለዚህ ሀብቱን በሩቅ አገር ያኖረ ሰው በማያውቀውና ባልመረጠው ሕግ ሥር ገብቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው፥ በኦክቶበር 2020 የአሜሪካ የሙዚቃ ቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ፥ ዩቲዩብ ዲኤል የተባለው የቪዲዮ ማውረጃ ፕሮግራም ከጊትሀብ ተነሣ። በኖቬምበር 16 ቀን አቤቱታው ከተመረመረ በኋላ ተመለሰ። ኮዱ በብዙ ሰዎች እጅ ስለ ነበረ አልጠፋም፤ እስኪመለስ ድረስ ግን ሠራተኞቹ የሚመካከሩበት ስፍራና የስሕተቱ መዝገብ አብረው ተዘግተው ነበር። ጊት የተሸከመው ዳነ፤ ያልተሸከመው የባለጐተራውን ፈቃድ ጠበቀ።

የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ በነበርሁ ጊዜ ከኦሪት ታሪኮች ሁሉ ብዙ ያሳሰበኝ የዮሴፍ ጐተራ ነው። ዮሴፍ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በጥጋብ ዓመታት እህል ባያከማች ኖሮ የግብፅ ሰው ሁሉ በረኀብ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ሰዎቹ አስቀድመው ገንዘባቸውን ሰጥተው እህል ገዙ፤ ገንዘባቸው ሲያልቅ ከብቶቻቸውን ሰጡ፤ ከብቶቻቸው ሲያልቁ መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን አሳልፈው ሰጡ። በመጨረሻም የሚዘሩትን ዘር እንኳ ከፈርዖን እጅ ተቀበሉ፤ ከሚያመርቱትም አምስተኛው እጅ የርሱ ሆነ። በየደረጃው ያደረጉት ሁሉ ለዚያን ቀን ትክክል ነበር፤ ማንም አላታለላቸውም፤ እንዲያውም ዮሴፍን አመሰገኑት። ባሪያዎች መሆናቸው ግን አልቀረም። ሰው ነፃነቱን የሚያጣው ሁልጊዜ በጦር ተሸንፎ አይደለም፤ ምስጋና እያቀረበም ሊያጣው ይችላል።

ታዲያ መድኃኒቱ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጐተራ ሠርቶ በሩን ዘግቶ መኖር ነውን? አይደለም። በ2011 የሆነው ነገር ይህን ያስረዳል። ሊኑክስ ዋናው ማኖሪያው የራሱ ቤት ነበር። በዚያ ዓመት በኦገስት ግን ሌቦች ወደዚህ ቤት በኢንተርኔት ሰብረው መግባታቸው ታወቀና፥ ቤቱ እስኪመረመር ድረስ ለሳምንታት ተዘጋ። ቶርቫልድስ በዚያን ጊዜ ምን አደረገ? በሴፕቴምበር ኮዱን ወደ ጊትሀብ ወስዶ ሥራውን በዚያ ቀጠለ። የራሱ ቤት በተስተካከለ ጊዜም ተመልሶ ገባ። እንግድነቱ አላሳፈረውም፤ እንግድነቱም አላስቀረውም። ሊመለስ የቻለው ሙሉ ቅጂው በብዙ ሰዎች እጅ ስለ ነበረና፥ ክርክሩና ምክሩ ባንድ ኩባንያ ግቢ ሳይሆን ለሁሉ በሚላክ ደብዳቤ ይካሄድ ስለ ነበረ ነው። ሌምኬ፥ ማክቮይና ጊትሀብ የየራሳቸውን ጐተራ አበድረውታል፤ ከሦስቱም የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ዘርህን አትስጥ።

ያገራችን ገበሬ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። እህሉን ይሸጣል፥ ያበድራል፥ ለእንግዳም ያቀርባል፤ ለዘር ያስቀመጠውን ግን ልጁ ቢርበው እንኳ በጭንቅ ነው የሚነካው። ዘር ያለው ሰው ከየትኛውም ጐተራ ቢባረር እንደ ገና ገበሬ ነው፤ ዘር የሌለው ግን ሙሉ ጐተራ አጠገብ ተቀምጦም ለማኝ ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። ግኖም የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሠራተኞች በ2018 ጊትላብ የተባለውን መሣሪያ በራሳቸው ኮምፒዩተር ላይ ተክለው የራሳቸውን ማኖሪያ አደረጁ። በበርሊን ከተማ በአባላት መዋጮ የሚተዳደር፥ ለትርፍ ያልቆመ ኮድበርግ የተባለ ማኅበር ከ2019 ጀምሮ ማኖሪያ ይሰጣል፤ ዚግ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም በኖቬምበር 2025 ከጊትሀብ ወደዚያ መዛወሩን አስታወቀ። የፈረንሳይ የምርምር ተቋም ኢንሪያ በ2016 ሶፍትዌር ሄሪቴጅ የተባለ ቤተ መዛግብት ከፍቶ፥ ከየጐተራው ሁሉ ኮድ እየገለበጠ ያኖራል፤ የተዘጋውን የጉግል ኮድን ሀብትም ከመጥፋት ካዳኑት አንዱ ይኸው ነው። እነዚህ ሰዎች ጠብ አላነሡም፤ ዘር ሰበሰቡ እንጂ።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ፥ በኮምፒዩተርና በስልክ ላይ አማርኛ የምንጽፍባቸው የፊደል ቅርጾች ብዙዎቹ በነፃ የሚታደሉ ናቸው። ኤስአይኤል የተባለው የቋንቋ ጥናት ድርጅት የሠራው አቢሲኒካና ጉግል ያወጣው ኖቶ ኢትዮፒክ ከእነዚህ ናቸው፤ የሁለቱም ኮድ የሚገኘው በጊትሀብ ነው። ስለዚህ የአባቶቻችን ፊደል ራሱ ከፊል ማደሪያውን በዚያ ጐተራ አድርጓል። ከእናንተ መካከል የሙያው ተማሪ የሆነ ሁሉ ሥራውን በዚያ እንደሚያኖር አውቃለሁ፤ እንዲያኖርም እመክራለሁ፤ ከዓለም ሠራተኞች ጋር የሚገናኝበት አደባባይ ነውና።

ነገር ግን፥ ልጆቼ፥ ሦስት ነገር ጠብቁ። መጀመሪያ፥ የሠራችሁትን ሁሉ ሙሉ ቅጂ በእጃችሁና በሌላ ሁለተኛ ስፍራ አኑሩ፤ ጊት ይህን በነፃ ሰጥቷችኋል፥ የሚጐድለው ትጋት ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ ኮዱን ብቻ ሳይሆን ምክሩንና ክርክሩንም በየጊዜው ገልብጡ፤ ለምን እንዲህ እንደ ወሰናችሁ የሚናገረውን ቃል ለባለጐተራ መዝገብ ብቻ አትተዉት። ሦስተኛ፥ ማኖሪያ የሚጠብቁትንና የሚገለብጡትን ሰዎች በምትችሉት እርዱ፤ ሁሉ ሰው ያለ ዋጋ ብቻ ሲፈልግ፥ ዋጋውን መክፈል የሚችለው አንዱ ባለጸጋ የሁሉ ጌታ ይሆናልና።

ለባለጐተራው ምስጋና ስጡ፤ ይገባዋል። በሚያስተናግዳችሁ ጊዜ ሁሉ በትሕትና ተቀመጡ፤ ቤቱንም አታንጓጥጡ። ጐተራው በተሸጠ፥ በተዘጋ ወይም በተከለከላችሁ ቀን ግን ዘራችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ በሰላም ልትወጡ የምትችሉ ሁኑ። ይህን ያዘጋጀ ሰው ከማንም ቤት በእንግድነት ቢያድር እንግዳ ነው፤ ያላዘጋጀ ግን ሳያውቀው ሎሌ ሆኖ ያድራል።